ትሪፕል ኤ የማን ነው?

ውድ ልጄ፣ ዶክተሬ፦

የምጽፍልህ ስልክ መደወል አቅቶኝ አይደለም። ስደውልልህ ወሬ ታስለውጠኛለህ። ወረቀትን ግን አቋርጠህ "እማዬ፣ በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው" ልትለው አትችልም።

ነገሩ የጀመረው በአባትህ ነው። ሳህን ማጠብ ጀመረ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ አንስቶ የማያውቅ ሰው፣ ባልዲ ከእጄ ይነጥቀኝ ጀመር። ይሄ ሰውዬ የሆነ ነገር በድሎኛል ብዬ ጠረጠርኩ። ምን ላድርግ፣ ኪሱን ፈተሽኩ። ከመሐረብ በቀር ምንም የለም።

ከዚያ እሁድ ዕለት በስልክ ስታወሩ ሰማኋችሁ። የአባትህ ጆሮ ስለደከመ ድምፅህ እስከ ኮሪደሩ ይሰማል። "ትሪፕል ኤው ጊዜ አይሰጥም፤ ኢቫሩን ቶሎ እናሰራ። ለእማዬ ግን እንዳትነግራት" አልከው። ፊደል ያስቆጠርኩህን እኔን በፊደል ትሸሸኛለህ? አባትህን ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው "የመኪና ነገር ነው" አለኝ። መኪና የለንም።

ሊሞትብኝ ነው ብዬ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ጎረቤታችን ፋርማሲስቷ ዘንድ ሄጄ ትሪፕል ኤ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ሆድ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ ሲያብጥ ነው፣ እትዬ፤ በጣም ካበጠ ሊፈነዳ ይችላል። ኢቫር የሚሉት ደግሞ በብሽሽት በኩል ገብተው ውስጡ በሽቦ የተደገፈ የጨርቅ ቱቦ ሲያስቀምጡ ነው። ሆድ አይቀደድም። ለማን ነው?"

"ለባለቤቴ።"

"ስንት ሴንቲ ሜትር ደርሷል አሏቸው?"

ይሄኔ ትዝ አለኝ። አባትህን ለምርመራ ሳጅበው አንተ ደውለህ "እግረ መንገድሽን አንቺም ታዪ" አልከኝ። ያ ቀዝቃዛ ቅባት ሆዴ ላይ ፈስሶ፣ መሣሪያውን የምታንሸራትተው ባለሙያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለሐኪሙ "አምስት ነጥብ ስምንት" ስትለው ሰምቻለሁ። አባትህን ግን የደም ግፊቱን ለክተው ነው የሸኙት። ሆዱን የነካው ሰው የለም።

"ለካ የኔ ነው" ስላት ፋርማሲስቷ "እትዬ፣ ይቀመጡ እስቲ" ብላ ወንበር ሳበችልኝ።

ልጄ፣ አዝኜብሃለሁ። ሰኞ ሆስፒታል የምትወስዱኝ "ለጨጓራሽ ነው" ብሎኛል አባትህ። ለኔ ብለህ እንደሆነ አይጠፋኝም። ግን ካወቅሁ ወዲህ አባትህ ሲስቅ እንኳ ምን ደብቆኝ ይሆን እላለሁ። አንተ "ሰላም ነኝ" ስትለኝም አላምንህም። ከበሽታው ይልቅ ይሄ ጎዳኝ።

እምቢ አልልም፤ መኖር እፈልጋለሁ። ግን አንተ ራስህ መጥተህ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ፣ ልሞት እንደምችልም ጭምር ካልነገርከኝ የፈቃዱን ወረቀት አልፈርምም። ስትነግረኝ ብታለቅስ ግድ የለኝም። እኔም አብሬህ ማልቀስ እፈልጋለሁ፤ ብቻዬን አልቻልኩትም።

የምትወድህም የምትጠረጥርህም
እናትህ