ለባዶው ጉብታ ስለተቀጠረው ዘበኛ

ይድረስ ለተከበሩ፣ ስምዎን ለክብርዎ ስል ለተውኩት የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊያችን፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የወይራ ውኃ ሰዎች ከሐሳብ በቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት የድሮ ካርታ ደናችንን ፈልገው ስላገኙልን ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ካርታው የተነሣው ቤተ ክርስቲያናችን ሳይቃጠል፣ ከወንዙ ማዶ ጉብታው ላይ ሳለ ነው። ከቃጠሎው በኋላ ታቦቱ ወንዙን ተሻግሮ ወዲህ ገባ፤ ምእመኑም በዙሪያው ጽድና ወይራ ተከለ፣ ሙታኑንም እዚያው ቀበረ። እርስዎ ግን ካርታውን አምነው፣ ጉቶ እንኳ ያልቀረበትን የድሮውን ጉብታ በሽቦ አሳጥረው ዘበኛ ስለቀጠሩለት ምስጋናችን ወሰን የለውም። ዘበኛው አቶ ገሰሰም የሚጠለልበት ዛፍ አጥቶ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ደን ሲጠብቅ ይውላል።

ሁለተኛ፣ በካርታው ላይ አረንጓዴ ስላልተቀባ ብቻ፣ የዛሬውን ደናችንን ባዶ መሬት ብለው ለጠጠር ማምረቻ ሰጡት። የሚቆረጡት ዛፎች ቀይ ምልክት ተደርጎባቸዋል። እናቴ ወይዘሮ አሰለፈች ያረፉት ምልክት ከተደረገበት አንድ ጽድ ሥር ነው። አነጋገሬ ፌዝ ቢመስልዎትም፣ እጅግ ፈርቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ቄሰ ገበዛችን አባ አንዱአምላክ አቤት ሊሉ ቢመጡ፣ መቃብሩን በካርታው ላይ እንዲያሳዩዎት ስለጠየቋቸው እናመሰግናለን፤ ወጥተው በዓይንዎ እንዲያዩት ሲለምኑዎት ግን መንገዱ ጭቃ ነው ብለዋቸዋል አሉ። የጠጠር ማምረቻውን መኪና ጭቃው አያስቸግረውም መሰለኝ፤ ሰኞ ይገባል ተብለናል።

እንግዲህ ከሰኞ በፊት ሥራው እንዲቆምልንና መጥተው እንዲያዩልን፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ። እድሜዎን ያርዝምልን፤ ጫማዎንም ከጭቃ ይጠብቅልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በካርታዎ ላይ የሌለው ሙሉሐብት ጥላዬ

ማስታወሻ፦ አባቴ አቶ ጥላዬ አልጋ ይዘዋል። ከእናቴ ጎን እንድንቀብራቸው ተናዝዘው ነበር፤ ትናንት ግን ወሬውን ሰምተው፣ እንግዲህ እኔን የት ልታደርጉኝ ነው ብለው ጠየቁኝ። እባክዎ መጥተው እርስዎ ይንገሯቸው። ቤታችን እንዳይጠፋዎት ካርታውን ይተዉትና፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ይጠይቁ።