«አልመጣም» ከማለቱ በፊት

ጥቅምት 14፣ 1997
እዚህ የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው፤ እጄ ግን አሁንም እንደ አዲስ አበባ 1990 ሊጽፍ ይሄዳል…

እዳጋ ሓሙስ፣ ቪዲዮ ቤት፣ እንደ ወትሮው። ሁለት ሰርግና አንድ ክርስትና ከካሴት ወደ ኮምፒውተር አስገባሁ። ከሰዓት ኣደይ ትብለጽ የሚባሉ እናት ከዓባ ሻውል ሰፈር መጡ። ካሴት በነጠላ ጠቅልለው። ልጃቸው ጠዓመ ከአዲስ አበባ የላከላቸው ነው፤ ካሴቱ ሲደርስ እሱ ሞቷል። ጎረቤት ቤት አንዴ ተከፍቶላቸው፣ በለቅሶው ጫጫታ መጀመሪያ ያለውን አልሰሙትም።

«እንታይ ከም ዝበለኒ ክሰምዕ ደልየ፣ ጓለይ።» ምን እንዳለኝ ልስማ፣ ልጄ ነው የሚሉት። እሺ አልኩ። ሱቁ ሳይዘጋ ወጣሁ፤ ሁሌም ቀድሜ ነው የምወጣው።

ጥቅምት 15
አልሆነም። የካሴቱ መጀመሪያ ተጨማዷል፤ ስዕሉ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል። ስዕል ሳይኖር «ጀምር» ስለው ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል። ስዕሉ ከመጣ በኋላ «ጀምር» ስለው ደግሞ መጀመሪያው ያመልጠኛል። ቴሌቪዥኑ ላይ ልጁ እየሳቀ «እማዬ፣ ባዶ እጄን አልመጣም!» ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀረው «…አልመጣም!» ብቻ።

ሃብተሚካኤል፣ የሱቁ ባለቤት፣ «ይበቃቸዋል፣ ስጫቸው» አለኝ።

«አልመጣም የሚለውን?»

«ብርክቲ፣ ደጋግመሽ ካጫወትሽው ይበጠሳል።»

እውነቱን ነው። ግን እናት ናቸው እኮ…

ጥቅምት 17
የቪዲዮ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰውን ድራይቨር ሳነብ ዋልኩ። መቅጃው ፕሮግራም ስዕል የሚጠራቀምባቸውን ባዶ ባፈሮች አሰልፎ ለድራይቨሩ ያስረክባል፤ ከዚያ «ጀምር» ይላል። ካርዱ እየሞላ ይመልሳል። ይሄን አውቃለሁ። ታዲያ ለምን ይደርቃል? ዓይኔ ተቃጠለ። ወይ የተቆረጠውን እንዳለ መስጠት ይሻል ይሆን?

ጥቅምት 18
ደከመኝ።

ጥቅምት 19
ሰፈሬ ማይ ጭሆት ውሃ የለም። ጠዋት ያሉኝን ጀሪካኖች በሙሉ ለቦቴው አሰልፌ ሥራ ሄድኩ። ቦቴው መጣ፣ ቧንቧው እምቢ አለው፣ አንድም ሳይቀዳ ተመለሰ። የሰፈሩ ዘበኛ ደግሞ «መንገድ ዘጉ» ብሎ ጀሪካኖቹን ግቢ ከቶ ቆልፎባቸው ሄዷል።

ጎረቤቴ ፍቅርተ አዘነችልኝ። «እኛ ቤት የተጠራቀመ ውሃ አለ። ታኒካ ሒዝኪ ንዒ።» ጀሪካን ይዘሽ ነይ ማለቷ ነው።

በምን ልቅዳ? ሁሉም እዚያ ናቸው። አልተሞሉም፣ አልተመለሱም…

ወይ ጉድ። ባፈሮቼ!

ጥቅምት 20
ልክ ነው! ካርዱ «ስዕል የለም፣ አልጀምርም» ሲል ድራይቨሩ የተረከባቸውን ባፈሮች ሳይመልስ ይዟቸው ይቀራል። እንደገና «ጀምር» ሲባል ፕሮግራሙ የሚሰጠው ባዶ የለውም። ቆሞ ይጠብቃል። መጀመር ካልቻለ ሁሉንም እንዲመልስ ጥቂት መስመር ጨመርኩ። አሁን እምቢ ቢባልም ስዕሉ ብቅ እስኪል ይሞክራል፣ ይሞክራል።

በአሮጌ የሰርግ ካሴት ሞከርኩት፤ ሠራ። ከዚያ የጠዓመን ከተትኩ። ሙሉው ገባ። ካሴቱ ወደ ኋላ ሲጠቀለል ግን ተበጠሰ። ሃብተሚካኤል ሻሂ አዘዘልኝ።

ጥቅምት 22
ኣደይ ትብለጽ መጡ። ካሴቱ መበጠሱን አስቀድሜ ነገርኳቸው። ፈራሁ። ወንበር ሰጥቼ ከፈትኩላቸው።

«እማዬ፣ ባዶ እጄን አልመጣም!»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «እዚ ሓሳዊ!» አሉ። ይሄ ውሸታም! እየሳቁ እንባቸው ወረደ። እኔም አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ጓደኞቹ አሉ፣ የሚጨፍሩበት አለ። አላዩትም። እጄን ያዙኝ።

«ካብ መጀመርታ፣ ጓለይ።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። እንደገና። አሁንም እንደገና… የሱቁን መብራት አጥፍቶ ሃብተሚካኤል ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ትንሽ ቆይ» አልኩት።