ዝም ያለው እጄ

ጥር 4
ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ዋለ። ምሳ እንኳ በቁሜ ነው የበላሁት። ከሰዓት በኋላ የፀጉር ማድረቂያው ፎን ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ልጄ ከጎኔ የደንበኛ ፀጉር በቢጉዲን እየጠቀለለች፣ "እማ፣ ፎኑ ምን በደለሽ?" አለች። ደንበኞቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አውራ ጣቴን፣ ጠቋሚውን፣ የመሃሉን ግን ጉንዳን የወረረው ይመስል ነበር...

ጥር 9
ስነቃ ቀኝ እጄ የሰው እጅ ሆኖብኛል። አራግፌ አራግፌ መለስኩት። የቀሚሴን ቁልፍ ልጄ ቆለፈችልኝ።

ጥር 15
ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀልድ የሚባል አያውቅም። አንጓዬ ላይ ነርቩ የሚያልፍበት ቦታ ጠቦ አንቆታል አለኝ። "ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ?"
እናቴ ስኒ አይበረክትላትም ነበር። ታላቅ እህቴ እትዬም መርፌ መያዝ ከተወች ቆይታለች። እኛ ብርድ ነው ስንል ኖርን!
"ታዲያ ሥራዬ አይደለም ጥፋተኛው?"
"ሥራውም አለበት። ክብደትዎም፤ ስኳርዎም ይለካ። ግን በዘርም ይመጣል። የአውራ ጣትዎ ሥር ጡንቻው መሟሸሽ ጀምሯል። ቀዶ ሕክምናው ባይዘገይ ጥሩ ነው።"
የሠርግ ሰሞን ነው፤ ይለፍና እመጣለሁ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱ አላማረኝም።

ጥር 17
የእጅ ማሰሪያ ገዛሁ። ሻይ ያለ ስኳር... ለልጄ የዘሩን ነገር አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ጥር 28
መውረሩ ቀረ። መቆጥቆጡም ቀረ። ልጄ "ተሻለሽ!" ብላ አቀፈችኝ። እኔ ግን ፈራሁ። እጄ ዝም አለ... መዳን እንዲህ ነው እንዴ?

የካቲት 3
ምነው እጄን በቆረጠው! የሙሽራዋን ፀጉር ላጥብ ስል ውሃውን እንደ ወትሮዬ በጣቶቼ ሞከርኩት። ለብ ያለ መሰለኝ። አፈሰስኩት። ልጅቷ ጮኸች።
ጆሮዋና አንገቷ ቀልቶ ውሃ ቋጠረ። ነገ ልትዳር! እናቷ "ምን ዓይነት ጉድ ነሽ አንቺ?" እያለች ጮኸችብኝ። ልጄ ሮጣ ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስላታለች። እኔ ቆሜ እጄን አየዋለሁ። የእኔም ጣቶች ቀልተዋል። ምንም አላመሙኝም።

የካቲት 5
ሐኪሙ ዘንድ ተመለስኩ፤ ልጄም ተከትላኝ መጣች። ቀዶ ሕክምናው ሰኞ ነው። የሟሸሸው ጡንቻ ግን ላይመለስ ይችላል አለ። እንባዬ መጣ።
"አይዞሽ እማ፤ እኔ አለሁ አይደል? እኔ እሠራለሁ።"
ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረ። "አንቺም እዚያው ፀጉር ቤት ነው የምትሠሪው? እስቲ የእጆችሽን ጀርባ አጋጥመሽ፣ አንጓሽን አጥፈሽ ትንሽ ቆዪ።"
"ተገልብጦ መጸለይ መሰለ" ብላ እየሳቀች አጠፈች። እሱ ሰዓቱን ያያል። እኔ ፊቷን አያለሁ። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።
"እማ... ጣቶቼን ወረረኝ።"
አምላኬ፣ ገና ሃያ ዓመቷ ነው።