የመርሻ ፍሬን

አራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ለምወድሽ እኅቴ ለእታለም ሰርክአዲስ ኃይለማርያም
ድሬዳዋ

ከባለቤትሽና ከሕፃኑ ጋር እንደምን ከርመሻል? እኔ አለሁ፤ ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። አባባ ከጧት እስከ ማታ ከኮርቻ ስፌታቸው አይነሡም፤ እህል ግን ስለምናቸው ብቻ ነው የሚቀምሱት። ቤቱ ሁለት ሰው አይሞላውም። እናታችን ቀድማ መሄዷን አንዳንድ ጊዜ እንደ ደግ ነገር አስበውና መልሼ እደነግጣለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ወንድሜ ሰክሮ ነው የሞተው የሚሉት እውነት ነው ወይ? ሄደህ እውነቱን እወቅና ጻፍልኝ» ብለሽኛል። ዐወቅሁት። ባላውቀው ይሻለኝ ነበር።

መርዶ ያረዱሽ ሰዎች ያልነገሩሽን ላስቀድም። ወንድማችን መርሻ ከጊዮርጊስ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲወርድ መኪናዋ አልቆም አለችው። ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት ስለ ነበር ወደ ድልድዩ ግንብ አዞራት። ከሱ በቀር የተጎዳ የለም። የመኪናዋ ባለቤት አቶ አባይነህ ግን በለቀስተኛው መካከል ተቀምጠው «መኪናዬ ምንም አልነበራት፤ የገደለው ጠጅ ነው» አሉ። ወሬው በአንድ ቀን አራዳን አዳረሰ። መርሻ ጠጅ እንደማይጠላ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ደፍሮ የሚምልለት ሰው ጠፋ። ያን ቀን ጧት ግን ከቤት አብረን ነው የወጣን፤ ውሃ እንኳ አልቀመሰም ነበር።

መኪናዋ አሮጌ ናት። ፍሬኗ እንደ ቀበቶ ያለ ብረት ነው፤ መርገጫውን ሲረግጡት ከኋላ ጎማዎቹ ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። የቀበቶው የውስጥ ልባስ ካለቀ ቆይቷል። አዲሱ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ብለው አባባ በወፍራም የበሬ ቆዳ ሰፍተው ለበጡለት። ደኅና አድርጎ ይይዝ ነበር፤ ነገር ግን ይጮኻል። መርሻ ቁልቁለቱን ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች «ዕልል በሉ፣ ሙሽሪት እያለቀሰች መጣች!» እያሉ ይከተሉት ነበር። በሞተበት ሳምንት ድምፅዋ ጠፋ። ራት ላይ ነገሩን አንሥተን ስንሥቅ «አባባ አፏን አስያዙልኝ» አለኝ። በምን እንዳስያዙት አልጠየቅሁትም።

ቅዳሜ መኪናዋ ወዳለችበት ሄድሁ። ከድልድዩ በላይ ባለው ግቢ አቶ አጽብሐ የሚባሉ ከአስመራ የመጡ መካኒክ ይሠሩባታል።

«የመርሻ ወንድም ነህ? መልኩን ይዘህ ነው የመጣኸው» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ና ሓወይ፣ ወንድሜ፤ በእሱ ቦታ ተቀመጥና እግር ሁነኝ» አሉኝ።

መቀመጫው ላይ ወጣሁ። እሳቸው ከሥር ገብተው ተኙ።

«ርገጥ!» ረገጥሁ። «ልቀቅ! ርገጥ! ጠንከር አድርገህ እንጂ፣ ጉንዳን ነው እንዴ የምትረግጠው?»

ከመርገጫው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ አልተሰበረም። ማያያዣውም አልወለቀም። ቀበቶው እንደሚገባው ይጠብቃል። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ከመሬት አነሡና «እንደ ረገጥህ ቆይ» ብለው በእጃቸው አዞሩት። ዞረ። በሁለት እጆቼ ተደግፌ ባለኝ ጉልበት ሁሉ እየረገጥሁ፣ ጎማው በአንድ እጅ ዞረ።

ከዚያ በኋላ አልቀለዱም። ጎማውን ፈተው ጣታቸውን በቆዳው ላይ አሹና አሸተቱት።

«ይህ የመኪና ዘይት አይደለም። ሞራ ነው። ቆዳው ጠግቦታል» አሉ። «ማን ነው ፍሬን ቅባት የቀባ?»

እታለም፣ አባባ የኮርቻ መቀነት ሲንቋቋ ምን እንደሚያደርጉ አንቺ ታውቂያለሽ። «ቆዳ የሚጮኸው ሲጠማው ነው» እያሉ እስኪለሰልስ ድረስ በሞራ ያሹታል። በዚያ ሥራ ነው ያሳደጉን። አቶ አጽብሐ ፊቴን አይተው ጥያቄያቸውን ተዉት።

ቆዳውን በቤንዚን አጠቡት፤ ፋቁት፤ አመድ ነስንሰው አደረቁት፤ እንደገና አጠቡት። ገጥመው ሲጨርሱ በቀስታ «ርገጥ» አሉኝ። ጎማው ጮኸና ቀጥ አለ። በሁለት እጃቸው ቢታገሉት አልነቃነቅ አለ። እታለም፣ ነገሩ ይህን ያህል ነበር። ቤንዚንና አመድ።

«አቶ አባይነህ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አሉኝ።

«ይቆዩኝ» አልኋቸው።

ቤት ስገባ አባባ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

«አየሃት?»

«አየኋት።»

«ቆዳው ተበጥሷል?»

«አልተበጠሰም፣ አባባ።»

«ስፌቱስ?»

«አንድም አልተፈታም።»

ይህን ስል ያዳንኋቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወስፌያቸውን አስቀመጡና «ፍሬኑ ደኅና ከነበረ እንግዲያ ልጄ ሰክሯል» አሉ። ቀጥለውም «እኔ እኮ ስፌቱ ተበጥሶ በሆነ፣ ጥፋቱ የእኔ በሆነ እያልሁ እግዜርን ስለምን ነበር» አሉኝ። ስለ ሞራው ልነግራቸው ነበር። ግን ሰው እንዲህ ብሎ የሚለምነው እንደማይሰጠው ሲያውቅ መሰለኝና ተውሁት።

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥተው በጫንቃቸው ተሸከሙና ወደ አቶ አባይነህ ቤት መንገድ ጀመሩ። እየተከተልሁ «አባባ ይተዉ፣ ይመለሱ» እያልሁ ለመንኋቸው።

«ለምን እመለሳለሁ? የምታውቀው ነገር አለ?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ቆሞ ያየን ነበር። ከበሩ ደርሰው ከነድንጋያቸው አጎነበሱና «ስለ ልጄ ጥፋት አፉ ይበሉኝ» አሉ። አቶ አባይነህ ደንግጠው እየሮጡ ወጡ። «ኧረ በማርያም! አፉ ብያለሁ፤ ያውርዱት! እሱንም ነፍሱን ይማረው» ብለው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላቸው። እንዲህ ሆኖ ወንድማችን ያላጠፋውን ጥፋት በሰው ፊት ይቅር ተባለ። አቶ አባይነህ አባባን ደስ ያሰኙ መስሏቸው «አዲስ ሹፌር ቀጥሬያለሁ፤ ለፍሬኑ አዲስ ቆዳ ይስፉልኝ፤ እንደ እርስዎ የሚችልበት የለም» ሲሉ ጨመሩበት። አባባ እጅ ነሡ።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆዳው ተቆርጦ አልቋል። የሞራው ጣሳ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ ጣቶቻቸውን ነክረዋል።

«አባባ፣ ሞራ አያስነኩት» አልሁ።

«ለምን?»

«አቶ አጽብሐ ናቸው ያሉት።»

«እሳቸው ብረታቸውን ይወቁ፤ ቆዳ የእኔ ነው። ካልታሸ ይጮኻል።»

«ይጩኻ!» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ። ያ አዲስ ሹፌር፣ የማላውቀው ሰው፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ ይታየኝ ነበር።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሞራ ምን ያደርገዋል?»

«ያንሸራትተዋል።»

ጣቶቻቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። ከዚያ ደረቁን ቆዳ በክንዴ ላይ ጣል አደረጉልኝና «ውሰድላቸው» አሉኝ። ወስጄ ለአቶ አጽብሐ ሰጠሁ። ስመለስ አባባ ከተውኋቸው ቦታ አልተነቃነቁም፤ መብራት እንኳ አላበሩም።

እታለም፣ እውነቱን ጻፍልኝ ብለሽ ነበር፤ ይኸው። ለአቶ አባይነህ ብነግራቸው የመርሻ ስም ይነጻል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ አፍ ከልጁ ወደ አባትየው ይዞራል። ዝም ብል መርሻ ሰካራም ሆኖ ይቀራል። አቶ አጽብሐ መልሴን ይጠብቃሉ። ትምህርት ቤት መምህሩ ሲጠሩኝ አልሰማም፤ ልጆቹ በክርናቸው ይጎስሙኛል። ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ የምጠይቀውም ካንቺ በቀር የለኝም።

አባባ አሁን ስጽፍ አይተው «ለሰርክአዲስ ነው?» አሉኝ። አዎን አልኋቸው። «ደኅና ነኝ በላት። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሕፃን ይዛ እንዳትንገላታ በላት» አሉ። ጽፌ ስጨርስ ደግሞ «መርሻ ያን ቀን አልጠጣም በላት» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ ግን ነይ እልሻለሁ። ባለቤትሽ ባቡር ላይ ስለሚሠራ መሳፈሪያው አይቸግርሽም። ሕፃኑን ጉንጩን ሳሚልኝ። የአራዳው ጊዮርጊስ አንቺንም ቤትሽንም ይጠብቅልኝ፤ ዐይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ወንድምሽ
እሸቴ ኃይለማርያም