ተራው የእኔ ነበር

መርሳ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽን የሚይዝሽ ነገር እንዴት አደረገሽ? የላክሁልሽ ቅባት አልቆ ከሆነ አትደብቂኝ። በልጉስ ያዘላችሁ? እዚህ ቆላው ጠብ ሳይል ግንቦት ተጋመሰ፤ ደጋው ላይ ግን ጉም ሲውል እንደሚያዩ ከወልድያ የሚመጡ ሾፌሮች ነግረውኛል። እኔ በቁሜ አለሁ። ሶስናም ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ማንጎው ደርሶ ልጆቹ ከዛፍ አንወርድም ብለዋል። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልሽ ቄስ ወልዴም እንደምን ሰንብተዋል? መስቀላቸውን ከሩቅ ስሜያለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክ ሦስት ጊዜ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር። አንቺ ገና «አለህልኝ?» ስትይ አፌ ይያዝና ስለ ዝናብና ስለ ጎማ ዋጋ አውርቼ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ድምፅ ስለሌለው ይሻለኛል።

እማዬ፣ መጀመሪያ አንድ ውሸቴን ልመልስ። ለፋሲካ ወደ አንቺ ስወጣ እንደ ሁልጊዜው ስለ ታደለች ጠየቅሽኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ አክስታችን ይዛት ወደ ወለጋ ሰፈራ ስትሄድ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የእህቴን መልክ አላውቀውም። አንቺ ግን አንድም ቀን ረስተሻት አታውቂም። ከወለጋ ተፈናቅለው እኛ ዘንድ ከመጡት መካከል ፈልግልኝ ብለሽ አደራ ካልሽኝ ዓመታት ሆኑ። ለፋሲካም ጠይቄያለሁ፣ የለችም አልኩሽ። አልጠየቅሁም ነበር። መጠየቅ ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበርኩም፤ ይህን እግዚአብሔርም ያውቃል። ተፈናቃዮቹ መጥተው ትምህርት ቤቱን ሲሞሉት፣ እኔና ጋራዥ አብሮኝ የሚሠራው ሲራክ ክፍል ለክፍል እየዞርን፣ ከጉባ ላፍቶ የሄደች ታደለች የምትባል ሴት ታውቃላችሁ ወይ እንል ነበር። ሌላ ቀን ግራና ከተማ ያሉትን እንጠይቃለን፣ ሌላ ቀን ወልድያ ያሉትን። ባዶ እጃችንን አንሄድም፤ ማሽላ በጆንያ እንጭናለን፣ ሶስና ከልጆቿ ልብስ እየቀነሰች ትቋጥራለች። ጦርነቱ ሲመጣ እኛም እስከ ኮምቦልቻ ተሰደን፣ የማናውቀው ሰው ቤት ወለል ላይ ተኝተን የሰው ፊት እንዴት እንደሚገርፍ አይተናል። ስለዚህ ያኔ እጃችን አይሰስትም ነበር።

ከዚያ ግን ማብቂያ ጠፋለት። የወለጋዎቹ ሳይቋቋሙ ከራያ በኩል የሸሹ መጡ። የዋግ ድርቅ ተባለ፣ እሱ ሳያልቅ የጎፋው ናዳ ተባለ፣ አፋር በኩል ደግሞ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ ተባለ። ለእያንዳንዱ «የወገን ደራሽ ወገን ነው» የሚል ድምፅ ማጉያ በበራችን ያልፋል። ቴሌቪዥን ስንከፍት የቱርክ ፍርስራሽ። ሶስና ያን ጊዜ ከጎረቤት ለቅሶ እንደመጣች ሁሉ ዓይኗ አብጦ አደረ። በሌላ ጊዜ የማላውቀውን አገር ጎርፍ ሲያሳዩ ቀና ብላ ሳታይ ጣቢያውን ቀየረችው፤ እኔም አበጀሽ አልኳት። ልብም እንደ ፍሬን ሸራ ያልቃል እማዬ። ሲያልቅ መጀመሪያ ይጮሃል። ያን ጊዜ ካልሰማሽው በኋላ ብረት ከብረት ነው የሚፋጨው።

የእኛን ቅሬ ታውቂዋለሽ፤ እስላም ክርስቲያኑ በአንድ ላይ የሚቃበርበት ነው። ሰው ሲሞት ለፋፊው ይጮሃል፣ ሱቁም ጋራዡም ይዘጋል፣ አገር ይወጣል። ስሙ የማይታወቅ መንገደኛ እንኳ ቢሆን ብቻውን አፈር አይለብስም ነበር። የተፈናቃዮቹ መጠለያ ውስጥ ሞት ሲበዛ ግን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ የወጣንበት ጊዜ ነበረ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ ገበሬው አረሙን ጥሎ፣ ነጋዴው ገበያውን ጥሎ። አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን ጠፋ። የተናገርኩት እኔ ነኝ። የቅሬው ጸሐፊ ነኝና ተነስቼ፣ ከእንግዲህ ከመጠለያው ለሚሞት ሰው ለፋፊ አይጩህ፣ አራት አራት ሰው በተራ ወጥቶ ይቅበር አልኩ። የቅሬው ዳኛ አብዱልጀሊል ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብሎ ተከራከረኝ። ሃምሳውም ሰው ደክሞታል አልኩት። በዚያው ጸደቀ። ቃለ ጉባኤውን በእጄ ጻፍኩት። የተራውን ዝርዝርም እኔው አወጣሁ፤ አድልቷል እንዳልባል የራሴንም ስም አስገባሁበት።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ነው፤ አይሱዙ ስር በጀርባዬ ተኝቼ ካምቢዮ ሳወርድ ሁለት እግር መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ በጫማው ጠርዝ ላይ ፈስሷል። የሴት ድምፅ ዓለምነህ የሚባለውን ፈልጌ ነበር አለ። ሶስና ትእዛዜን ታውቃለች፤ ከመጠለያ ለመጣ ሰው የለም ነው መልሱ። ወልድያ ሄዷል አለቻት። ሴትዮዋ ትንሽ ልረፍ ብላ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች፣ ውኃ ለምና ጠጣች። እኔ መፍቻው እንዳይንኳኳ ደረቴ ላይ አስተኝቼ እስክትሄድ ጠበቅሁ።

በአራተኛው ቀን ያው እግር ተመልሶ መጣ። አሁንም አይሱዙው ስር ነኝ። ሶስናን ባልሽ የጉባ ላፍቶ ሰው ነው ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። አዎ አለቻት። ምን ፈልገሽው ነው ስትላት ደግሞ፣ ጉዳዬን ለእሱ ለራሱ ብነግረው ይሻላል አለች። የለም ተባለች፤ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ዞረች። ሶስና ጎንበስ ብላ የጠየቀቻትን ነገረችኝ። እኔ ሴትዮዋ የራቀች መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሲቸግራቸው ሁሉም ያገር ልጅ ነው» አልኩ።

ኮንጎ ጫማዎቹ ገና አስፋልቱ ዳር ነበሩ። ቆሙ። ወደ እኛ አልዞሩም፤ ትንሽ ቆይተው ሄዱ። መስማቷን አውቄያለሁ። ሰምታ ከሆነ ከእንግዲህ አትመጣም ብዬ እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴን አልደብቅሽም እማዬ። እውነትም ሦስተኛ አልመጣችም። እኔም ፋሲካ ሲደርስ ሙክት ጭኜ ወደ አንቺ ወጣሁ፤ የለችም ያልኩሽም ያን ጊዜ ነው።

ሚያዝያ 22 ከመጠለያው አንዲት ሴት ሞታለች የሚል መልእክት መጣ። ዝርዝሩን ሳይ ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ። ተራው የእኔ ነበር። ዕቃ ሲጠበቅለት የከረመው አይሱዙ በዚያን ቀን መውጣት ነበረበት፤ ባለቤቱም ቆሞ ይነዘንዘኛል። ሲራክን በእኔ ፋንታ ውጣልኝ ብዬ ላክሁት። ከሰዓት በኋላ ጫማው አፈር ለብሶ ተመለሰ። እጁን ታጠበ እንጂ እህል አልቀመሰም። አራታችን ነበርን፣ ከመጠለያውም አንዲት ሴት ብቻ ተከትላን ነበር አለኝ። ቃሬዛው ከባድ አልነበረም አለኝ። እኔ መልሼ የጠየቅሁት ያዘዝነው የካምቢዮ ዘይት መጥቶ እንደሆነ ነው።

ባለፈው ሳምንት አብዱልጀሊል ያችን ቀብሩን የተከተለች ሴት አስከትሎ ጋራዡ ድረስ መጣ። ዘይነባ ትባላለች፤ ከሟቿ ጋር ወለጋ ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ነበሩ፣ የሸሹትም አብረው ነው። የቅሬው ዳኛ ሲመጣ የለም ማስባል አይቻልም፤ ወጣሁ። ዘይነባ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አላህ ያጽናህ አለችኝ። የቅሬው ጸሐፊ ስለሆንኩ ያለችኝ መሰለኝ።

እሷና ሟቿ ስለኖሩበት ቀዬ ተናገረች፤ ሟቿ ከየት ተነስታ፣ ከማን ጋር፣ በስንት ዓመቷ ወለጋ እንደገባች ተናገረች። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሶስና ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ታዲያ ሟቿ ለምን ለሚስቴ አልነገረቻትም፣ ለምን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም አልኳት፤ ጥፋቱን በእሷ ላይ ላደርገው ፈልጌ ነው። ሟቿ ሁለተኛ ቀን ስትመጣ ልትነግረኝ ቆርጣ እንደነበር ዘይነባ ነገረችኝ። ከዚህ ስትመለስ ግን ደክሞታል፣ ተዪው፣ ሌላ ቀን ይሆናል ብላ ተኛች አሉ። ከዚያ በኋላ ከፍራሿ ብዙም አልተነሳችም። በእኔ ላይ ክፉ ቃል አልወጣትም። ልትለምን አልነበረም የመጣችው እማዬ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ እሱም ስላንቺ ነው። ምን እንደሆነ በአፌ እነግርሻለሁ፤ አይሱዙው ስር እንደተኛሁ፣ ብቅ ሳልል፣ አዎ ብዬ በአንድ ቃል ልመልሰው የምችለው ጥያቄ ነው። ዘይነባ ስትሄድ የሟቿን ዕቃ በፌስታል ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች።

አብዱልጀሊል እጄን ይዞ ከመሬት አነሳኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ያንን ቃለ ጉባኤ እንሰርዘው ብዬ ቅሬውን ጠራሁ፤ ከመቶ ቤት ዘጠኝ ሰው መጣ። ምን ብዬ እፈርድባቸዋለሁ? ዛሬም ጠዋት ድምፅ ማጉያው አልፏል፤ የየት አገር አደጋ እንደሆነ አልሰማሁም። መጠለያው ሄጄ ሰው ልጠይቅ ብዬ ተነስቼ ከበሩ ተመለስኩ። ሀዘን ልብን ያለሰልሳል ይባላል፤ የእኔን ግን አላለሰለሰውም፣ ሰበረው እንጂ። እኔ እንደ ሆንኩት የሆነ ሰው መልሶ ሰው ይሆናል ወይ ብዬ አንቺን ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ፤ መልስሽን ደግሞ እፈራዋለሁ።

እማዬ፣ ከእንግዲህ ታደለችን ፈልግልኝ አትበይኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። የክርስትና ስሟን ላኪልኝ። ታደለች ስትያት እንጂ እሱን ስታነሽው ሰምቼ አላውቅም፤ ዘይነባም አታውቀውም። የእኛ ሰፈር ቄስ ለአርባዋ ከሰኔ አንድ በፊት ይፈልጉታል። ፊትሽ ቆሜ ልጠይቅሽ አልደፍርምና፣ ደብዳቤውን ለሚያደርስልሽ ሰው ብትነግሪው ይዞልኝ ይመለሳል፤ እንዳይረሳው ግን ቄስ ወልዴ በወረቀት ይጻፉልኝ።

ቄስ ወልዴ፣ አንብበው ሲጨርሱ እባክዎ ቶሎ አይነሱ። ቅዳሜ እኔ እስክደርስ ከጎረቤት ሰው አብሯት ይደር።

እናቴ፣ ያሳደገሽ አምላክ ጉልበትሽንም ልብሽንም ያጽናልሽ። ደጃፍሽ አይዘጋ። በፊትሽ እስክቆም ድረስ አትርገሚኝ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ወደድሽ።

አንድ የቀረሁሽ ልጅሽ