ለጀማል የሚመረጥ ዘፈን

ሐሙስ፣ ጥር 14

ዛሬም ሬዲዮው ለወንድሜ ለጀማል የልብ ሕክምና እሑድ ከሚሴ ላይ ገንዘብ ማሰባሰቢያ የሙዚቃ ዝግጅት እንዳለ አስታወቀ። ከማስታወቂያው በፊት ሁልጊዜ የሚያስለቅስ ዋሽንት ያሰማሉ። እማ ፊቷን በሻሿ ጠረገች። ጀማል ግን ተናደደ።

«አቦ፣ ሳልሞት አለቀሱልኝ እኮ! ሀዩ፣ አሁን የዘፈን ምርጫ ነው፤ ደውይና የኦሮምኛ ጭፈራ ምረጪልኝ።»

መናገር እንደምፈራ ያውቃል። ቢሆንም ጓሮ ወጥቼ ደወልኩ።

«ሄሎ፣ አየር ላይ ነዎት፤ ማን ልበል?» አለ አዘጋጁ።

ስልኩን ዘጋሁት። ከቤት ውስጥ ሬዲዮው «መስመሩ ተቋረጠ» ሲል ተሰማኝ። ያው ዋሽንት ቀጠለ።

ስገባ ጀማል ሬዲዮውን ደረቱ ላይ አስቀምጦታል።

«የኛ ኔትወርክ መቼም አይሠራ!» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ነገ ትሞክሪያለሽ።»

እሺ አልኩት። ደክሞኛል። ነገም አዘጋጁ «ማን ልበል?» ማለቱ አይቀርም።