የእማዬ ወንበር

ለምወድህ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ እማዬስ ደኅና ናችሁ? እኔ ከስፌቱ ብዛት ጣቴ ከመላላጡ በቀር ደኅና ነኝ። ፖስታው ላይ ስምህን ስታይ ግራ ሳይገባህ አይቀርም፤ ከሠርግህ ወዲህ ስጽፍልህ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለፈው እሑድ የፋብሪካው አለቃችን ሁላችንንም አውቶቡስ ላይ ጭና ዋና ከተማውን ላስጎብኛችሁ አለች። በሦስት ዓመት አንዴ እንኳ «ደከማችሁ ወይ?» ያላለች ሴትዮ ድንገት ደግ ስትሆን፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ቦርሳዬን ብብቴ ውስጥ ወትፌ ወጣሁ። የድሮው ቤተ መንግሥት በር ላይ ውሃ ሲያድሉን ጠርሙሱን አሽትቼ ነው የጠጣሁት። ጓደኞቼ «አንቺስ ጥላሽንም አታምኚ» ብለው ሳቁብኝ። የደግነቷን ምክንያት ግን እስካሁን አልደረስኩበትም።

ከሰዓት ሙዚየም ገባን። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ፣ በቀይ ገመድ ታጥሮ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ወንበር ቆሟል። አባባ ለእማዬ ለሠርጓ የጠረበላት ወንበር! ይመሳሰል ይሆናል ብዬ ዓይኔንም ተጠራጠርኩ። ልጅ ሳለሁ መቀመጫው ሥር በሚስማር ዶሮ ጭሬ አልነበር? ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ በገመዱ ሥር አንገቴን አስገባሁ። ዶሮዋ እዚያው አለች፤ ባለ ሦስት እግሯ።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «ምን ጠፍቶሽ ነው?» ሲለኝ «የተሰረቀ ዕቃችን!» አልኩት። እሱ እኔን ሌባ አለ፣ እኔ እሱን። እየተጓተትን መዝገብ ያዧ ፊት ቀረብን።

ጋሼ፣ አልዋሽህም፤ የጠረጠርኩት አንተን ነው። አባባ ታሞ በተኛበት ሰሞን ወንበሩን በጋሪ ጭነህ ስትወጣ ጎረቤት አይቶሃል። አባባ ካረፈ በኋላ እማዬ «ወንበሬን የሸጠ ልጅ» ስትልህ አንገትህን ደፍተህ ዝም አልክ። እኔም አምኜ ሠርግህ ላይ ሳልገኝ ቀረሁ።

መዝገብ ያዧ መነጽሯን አድርጋ አገላበጠች፤ ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችው። «ሰጪ፦ ጠራቢው ራሱ» ይላል። ሥሩ የአባባ የጣት አሻራ አለ፤ ጎኑ ላይ ደግሞ «አድራሽ፦ የበኩር ልጅ» ብሎ ያንተ ፊርማ። ለምን እንደሰጠም ተጽፏል፦ «ልጆቼ እንዳይጣሉበት።»

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሌባ ያለኝ ዘበኛ መሀረቡን ሰጠኝ።

አሁንም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስምህ ሲጠፋ ለምን ዝም አልክ? አባባ አስምሎህ ይሆን? ብቻ እኔን ይቅር በለኝ።

ለባለቤትህ፣ በፎቶ ብቻ ለማውቃቸው ለትልቋና ለትንሹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ለሷ የሚነበበውን ደብዳቤ ለጎረቤታችን ለመምህሩ ልኬለታለሁ፤ አንተ ብታነብላት ስላንተ የጻፍኩትን እንደምትዘለው ጠርጥሬ።

እህትህ
ከልብስ ስፌቱ ፋብሪካ፣ ከሠራተኞች ማደሪያ
ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን